እውነተኛው ካርድ የእኔ ነበር

በዚያ ዓመት የሰፈሬ ሰው ክትባት ሲባል በጓሮ በር ሲወጣ፣ እኔ ፀሐይ ላይ ተሰልፌ ተከተብኩ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ከሰው ተሽዬ ነበር ለማለት አይደለም። የደረሰብኝን ስትሰሙ የት ላይ እንደሚያቃጥል እንዲገባችሁ ነው።

አማረች እባላለሁ። የማራቶን ሯጭ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግሁት ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን ባለችው ጫኖ ነው፤ ወላጆቼ የመስኖ ውሃ በተራ እየጠለፉ ሙዝ ያለማሉ። ለሩጫ ያጨኝ የትምህርት ቤታችን የስፖርት አስተማሪ የነበረው ጋሼ ሳዳሞ ነው። "ይቺ ልጅ ሳንባዋ የሁለት ሰው ነው" ብሎ ከአባቴ ጋር ሦስት ጊዜ ተሟግቶ ወሰደኝ። ከቆላው ሙቀት አውጥቶ የጨንቻን ዳገት አስሮጠኝ። ስጎዳ በጀርባው ተሸክሞኝ ያውቃል። ሳገባም ከሽማግሌዎቹ አንዱ እሱ ነበር። ውጭ አገር ሄጄ ያሸነፍኩ ጊዜ የአርባ ምንጭ ታችኛው ሰፈር በሆነው በሲቀላ፣ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶዬ በትልቁ ተሰቀለ፤ ባጃጅ ነጂዎች ሲያዩኝ "ቻምፒዮን!" እያሉ ጥሩምባ ይነፉልኝ ነበር። ክትባቱ የመጣ ጊዜ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ለማራቶን ሯጭ እግር ገና የሚበስልበት ዕድሜ ነው።

ኮሮና በገባ በሁለተኛው ዓመት አባቴ ሞተ። ዘመድ "ሳንባ ምች ነው" ብሎ ቀበረው። እኔ ግን ሆስፒታል አልጋው ሥር ሦስት ቀን ተቀምጬ ነበር። ውሃ ውስጥ የሰጠመ ሰው እንዴት አየር እንደሚፈልግ በደረቅ መሬት ላይ አይቻለሁ። ስለዚህ ክትባቱ መጣ ሲባል ሰው የሚያወራውን ሁሉ ሰማሁ፤ ያመክናል ይላሉ፣ የአውሬው ምልክት ነው ይላሉ፣ ሯጭ ከወሰደው ጉልበቱ ይፈሳል ይላሉ። ሰምቼ ሲቀላ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

የከተበችኝ ሲስተር ዓለሚቱ የምትባል ነርስ ናት። "ውይ፣ ሯጯ መጣች! እስቲ አንቺን አይተው ሌሎቹም ይምጡ" ብላ ሳቀች። በትልቁ መዝገብ ላይ ስሜን ጻፈች፤ አስፈረመችኝ፤ ቁጥር የታተመበት ካርድ ሰጠችኝ። ሁለተኛውን ዙር በወሰድኩ ማግስት ትኩሳት ያዘኝና ሁለት ቀን ልምምድ ቀረሁ። ጋሼ ሳዳሞ ቤቴ ድረስ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ጮኸብኝ።

"ውድድር ደርሶ ደምሽን አበላሸሽ! ማን ተከተቢ አለሽ?"

"አባቴ" አልኩት።

ፊቱን አዙሮ ሄደ። ይህን ልብ በሉልኝ። ጋሼ ሳዳሞ መከተቤን ከማንም በላይ ያውቃል።

በዚያ ሰሞን ስማቸው ዓለምን የሞላ ስፖርተኞች በክትባት ጉዳይ ከድንበር ሲመለሱ በቴሌቪዥን እናይ ነበር። እነሱ "አልከተብም" ብለው ነው፤ ጠበቃ አላቸው፣ ጋዜጠኛ በር ላይ ያድርላቸዋል፣ መንግሥታት በእነሱ ጉዳይ መግለጫ ይሰጣሉ። እኔ የምሄድበት አገርም ያልተከተበ አትሌት አላስገባም አለ። ያን ዜና ስሰማ እንደውም ቀለል አለኝ። ከቡድናችን ከስድስታችን የተከተብኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጋሼ ሳዳሞ በማግስቱ ጠራኝ። "ካርድሽን ስጪኝ፤ ለቪዛው ኮፒ ላስደርግ።" ሰጠሁት። ይዞት ቢሮዎቹ ወዳሉበት ወደ ላይኛው ሰፈር፣ ወደ ሴቻ ወጣ። በሁለተኛው ቀን መለሰልኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ምን ሲያደርግ እንደቆየ ለመጠየቅ ሐሳቡ እንኳ አልመጣብኝም። አባት ይጠየቃል?

ውድድር የሚያገኝልን ማናጀር የመረጠው እኔንና ኢሳያስን ነው፤ እሱም በመጨረሻ የተከተበ መስሎኝ ነበር። ኢሳያስ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የጨንቻ ልጅ፣ ዝምተኛ፣ ዳገት ላይ የማይደረስበት። ወደ ውጭ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። አውሮፕላኑ ውስጥ የቀረበለትን ቅቤ በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከቶ "ለእናቴ አሳያታለሁ" ሲለኝ እንደ ታናሽ ወንድሜ አሳዘነኝ።

ሐሙስ ጠዋት ደረስን። ውድድሩ እሁድ ነው። የፓስፖርት መስኮቱ ላይ አንድ ወጣት ሠራተኛ ካርዴን ተቀብሎ ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ አስገባ። ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። የኢሳያስን ካርድ ተቀበለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ አያቸው። ከዚያ ስልክ አንስቶ ሰው ጠራ።

መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ አስገቡን። ጠረጴዛ፣ አራት የፕላስቲክ ወንበር፣ የውሃ ጠርሙስ። ሸምገል ያለች ኃላፊ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ስልክ አስቀመጠች፤ ከስልኩ ውስጥ የአንዲት ሴት አማርኛ መጣ። አስተርጓሚ ናት። የት እንዳለች አላውቅም፤ ድምፅዋ የእናት ነው።

"እንደምን አረፈዱ፣ እመቤቴ። ወይዘሮዋ የሚሉትን እተረጉምልዎታለሁ" አለችኝ። ቀጥላም "ሁለቱ ካርዶች ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው ይላሉ። ይህ ቁጥር በአራት ሰው ስም ለቪዛ ገብቷል። ሁለቱ እናንተ ናችሁ። አንድ ቁጥር ለአንድ ሰው ነው የሚሰጠው። እንዴት ሆነ? ይላሉ" አለችኝ።

ኃላፊዋ ካርዶቹን ወደ እኔ ገፋችልኝ። አየሁ። የእኔ ቁጥር። የሲስተር ዓለሚቱ እጅ ጽሑፍ፣ ያችው ጠመም የምትል ፊርማዋ፣ ማኅተሙ እንኳ ጥግ ላይ በፈዘዘበት ቦታ ፈዞ። ስሙ ብቻ "ኢሳያስ" ይላል።

ወደ ኢሳያስ ዞርኩ። በጋሞኛ ጠየቅሁት፤ አስተርጓሚዋ ጋሞኛ አትሰማም።

"ተከትበሃል?"

አንገቱን ደፋ።

"ኢሳያስ፣ ተከትበሃል ወይ?"

"ጋሼ ነው የሰጠኝ። ለሦስታችን። 'መርፌው ይቅርባችሁ፣ ወረቀቱ ይበቃል' አለን። ከየት እንዳመጣው አላውቅም፣ እትዬ፤ በእናቴ ሞት አላውቅም።"

ኃላፊዋ ምን እንዳልን ጠየቀች። አስተርጓሚዋ "የሚነጋገሩት በሌላ ቋንቋ ነው፣ አልገባኝም" ብላ መሰለኝ የመለሰችላት። ከዚያ ነገሩን አስረዳችኝ። እስከ ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ጊዜ ሰጥተውናል። ቁጥሩ የማን እንደሆነ ከጤና ጣቢያው ደብዳቤ ካስመጣን፣ እውነተኛው ባለካርድ ይገባል። ካልመጣ ሁለታችንም በቀትሩ አውሮፕላን እንመለሳለን። እስከዚያ ስልክ መጠቀም ይቻላል።

መጀመሪያ የደወልኩት ለባለቤቴ ለጴጥሮስ ነው። ጫኖ አስተማሪ ነው። ነገሩን ስነግረው ክፍሉን ጥሎ ወጣ። "ሲስተር ዓለሚቱ መዝገቡ ላይ አስፈርማሃለች፤ ይህንኑ ብትጽፍ ይበቃል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ እልክልሻለሁ" አለኝ፤ በድንጋጤ አንቺ ማለቱን ረስቶ "አስፈርማሃለች" ሲለኝ ሳቄ መጣ። ያን ጊዜ መሳቅ እችል ነበር።

ቀጥዬ ለጋሼ ሳዳሞ ደውዬ የሆነውንና የጠየቁንን ደብዳቤ ነገርኩት።

"ጋሼ፣ ካርዴን ምን አደረግኸው?"

ከበስተጀርባው የሚኒባስ ረዳት "ሴቻ፣ ሴቻ፣ ሴቻ" ሲል ይሰማኛል።

"አማሪዬ" አለ። "ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጆቹ መርፌውን ፈሩ፤ ውድድሩ እንዳያመልጣቸው ብዬ ነው። አሁኑኑ ለማናጀሩ ደውዬ ሁሉንም እናገራለሁ። እኔ ነኝ ያደረግሁት እላለሁ።"

"እኔ ልንገራቸው፤ እዚሁ ፊቴ ናቸው።"

"እንዳትናገሪ! አንቺ ከተናገርሽ ልጁን እዚያው ያስሩታል። ሐሰተኛ ሰነድ ነው፣ እስር ነው። ከእኔ ከመጣ ግን ቅጣቱ የእኔ ይሆናል። እስከ ጠዋት ታገሺኝ። ሲስተርንም አነጋግራታለሁ፤ ደብዳቤሽ ይመጣል። እስከ ጠዋት ብቻ፣ ልጄ።"

ኢሳያስ ፊቴ ተቀምጦ ኪሱ ውስጥ ያለችውን የቅቤ ጥቅልል ይዳስሳል። "እሺ" አልኩ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ እሺ ብያለሁ፤ እንደዚያችኛዋ ያስከፈለችኝ የለችም።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊዋ ቃላችንን ልትቀበል ተመለሰች። ኢሳያስን ወደ ሌላ ክፍል ወሰዱት። እኔን በስልኩ በኩል ጠየቁኝ።

"ካርዱን ከየት አገኙ?"

"ከጤና ጣቢያ። ሁለት ጊዜ ተከትቤ።"

"የወጣቱ ካርድ ከየት እንደመጣ ያውቃሉ?"

ጋሼ ሳዳሞ ይናገራል፤ እስከ ጠዋት ነው። አሁን ከተናገርኩ ኢሳያስ ይታሰራል። ቅቤው ኪሱ ውስጥ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩና "አላውቅም" አልኩ።

አስተርጓሚዋ ወዲያው አልተረጎመችም። "እመቤቴ" አለች ቀስ ብላ፣ "ይህ ቃል ይመዘገባል። በኋላ ሌላ ነገር ከተገኘ ይኸው ቃል ይጠቀስብዎታል። አላውቅም ነው ያሉኝ? እንደዚያው ልተርጉመው?"

እግዜር ይስጣት፣ መንገዱን ከፍታልኝ ነበር። "አዎ፣ አላውቅም" አልኳት። ተረጎመችው።

አመሻሹ ላይ ጴጥሮስ ደወለ። ድምፁ ደክሟል። ሲስተር ዓለሚቱ መዝገቡን አውጥታ ስሜንና ፊርማዬን አሳይታዋለች። "አሁኑኑ ልጻፍልህ" ብላ ወረቀት ስታወጣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ገብቶ "ያለ በላይ አካል ትእዛዝ ለውጭ አገር ደብዳቤ አንጽፍም" አለ። ጴጥሮስ ሚኒባስ ይዞ ሴቻ ወጣ። ቢሮ ለቢሮ ዞረ፤ ደብዳቤውን የሚፈቅደው የጤና ቢሮ ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነው ተባለ፤ ከስብሰባ ሲወጣ ደረጃ ላይ ያዘው።

"ምን አለህ ታዲያ?"

"'የአትሌቷ ጉዳይ ከሆነ ከአሰልጣኟ ጋር ጨርሰናል፤ እሱ ይዞታል፤ አታስብ' አለኝ። አማረች፣ ጋሼ ሳዳሞ ከእኔ በፊት እዚህ ደርሶ ነበር። በዚህ ሰው እርግጠኛ ነሽ?"

"ደብዳቤውን ሊያስጽፍ ነው የሄደው" አልኩት። "እንደ አባቴ ነው፣ ጴጥሮስ።"

እናንተ ግን ሳይገባችሁ አይቀርም። ቁጥሩ የአማረች ብቻ ነው የሚል ደብዳቤ ከተጻፈ የሌሎቹ ሦስቱ ሐሰት መሆናቸውም አብሮ ተጻፈ ማለት ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው "ታዲያ ማን ሠራቸው?" የሚል ጥያቄ ነው። ጋሼ ሳዳሞ ሴቻ የወጣው ደብዳቤው እንዳይጻፍ ነበር። ይህ ለእኔ የገባኝ ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው።

ወንበር ላይ አደርኩ። ዓርብ ጠዋት እግሬ እንዳይተሳሰር ክፍሏ ውስጥ እየተንጠራራሁ ልምምድ ሠራሁ። እሁድ እሮጣለሁ ብዬ ነው። ከግድግዳ ግድግዳ አምስት እርምጃ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አላውቅም።

አራት ሰዓት ላይ ኃላፊዋ ወረቀት ይዛ ገባች። ኢሳያስም ከኋላዋ ገባ፤ አያየኝም። ስልኩ ተከፈተ። ያችው አስተርጓሚ ናት፤ ድምፅዋ ግን ትናንት የነበረው አይደለም።

"እመቤቴ፣ የሚነበበውን ልተርጉምልዎት። ወጣቱ በሰጠው ቃል ካርዱን የሰጡት እርስዎ እንደሆኑ፣ ለሌሎቹም ያዘጋጁት እርስዎ እንደሆኑ ፈርሟል። የአትሌቶቹ ማናጀርም አሰልጣኛችሁን ጠይቆ ተመሳሳይ መልስ እንዳገኘ በጽሑፍ አሳውቋል።"

ቃላቱ አንድ በአንድ ይሰሙኛል፤ አንድ ላይ ግን ትርጉም አልሰጡኝም። "ምን? ድገሚልኝ" አልኳት። ደገመችልኝ።

"ውሸት ነው! እኔ ተከትቤያለሁ! ክንዴን እዩት፣ ደሜን ውሰዱ፣ ለሲስተር ዓለሚቱ ደውሉላት!"

ኃላፊዋ በጽሞና ሰማችኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም። ከዚያ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው። "ትናንት የወጣቱ ካርድ ከየት እንደመጣ አላውቅም ብለዋል። አሁን ያውቃሉ?"

"አዎ፤ አሰልጣኙ ነው የሠራው፤ ትናንትም አውቅ ነበር፤ ግን…"

"ትናንት ያውቁ ነበር" አለች አስተርጓሚዋ፣ ስትተረጉም ድምፅዋ እየወረደ። ኃላፊዋ ጻፈችው።

ተፈረደብኝ። ሐሰተኛ ሰነድ በማቅረብና በማከፋፈል፣ ለባለሥልጣን ሐሰተኛ ቃል በመስጠት፣ ቪዛዬ ተሰርዞ ለሦስት ዓመት ወደዚያ አገር እንዳልገባ ታገድኩ። ኢሳያስ "ተታሎ ነው፣ እውነቱንም ተናግሯል" ተብሎ ቪዛው ብቻ ተሰረዘ፤ ሲከተብ እንደገና ማመልከት ይችላል። ስልኩ ሊዘጋ ሲል አስተርጓሚዋ "እግዚአብሔር ይርዳዎት፣ እመቤቴ" አለችኝ። ይህን አልተረጎመችውም።

በር ላይ ቆመን ዘበኛ ስንጠብቅ ኢሳያስን በጋሞኛ ጠየቅሁት። "ለምን?"

"ጋሼ ማታ ደውሎ እንዲህ በል አለኝ" አለ። ጫማውን እያየ ቀጠለ። "'እሷ ሮጣለች፣ ስም አላት፣ ይምሯታል። አንተ ገና ነህ' አለኝ። እትዬ፣ አንቺ ሮጠሻል እኮ። እኔ ገና ነኝ።"

ስንመለስ ወንበራችን ጎን ለጎን ነበር። ሰው እንዲያዘዋውረን ለመጠየቅ እንኳ ጉልበት አላገኘሁም። ኢሳያስ ፊቱን በብርድ ልብሱ ሸፍኖ መንገዱን ሙሉ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። ልቤ ውስጥ ጋሼ ሳዳሞ አባቴን የተሟገተባቸውን ሦስት ቀናት እያነሳሁ፣ ያን ሰውና ይህን ሰው አንድ ለማድረግ እየሞከርኩ አልገጥም ብሎኝ ደረስኩ።

እሁድ ዕለት አርባ ምንጭ ገባሁ። ወሬው ቀድሞኝ ነበር፤ "አማረች ሐሰተኛ የክትባት ካርድ ስትሸጥ ውጭ አገር ተያዘች።" ፎቶዬ በሳምንቱ ወረደ፤ ማን እንዳወረደው የሚነግረኝ አጣሁ። ከሁሉ የገረመኝ ግን ምን መሰላችሁ? ክትባቱን የሰይጣን ሥራ ነው ሲሉ የነበሩት፣ በጓሮ በር ሲወጡ የነበሩት ሰዎች ናቸው "እንዴት ሳትከተብ ተከትቤያለሁ ትላለች?" ብለው ስሜን ያጠፉት። አንዷ ጎረቤቴ ይህን ስትል በአጥር በኩል ሰማኋት። እሷ እስከ ዛሬ አልተከተበችም።

ሲስተር ዓለሚቱ መዝገቡን በስልኳ ፎቶ አንስታ በድብቅ ለጴጥሮስ ሰጠችው። ለማናጀሩ ላክን። "አዝናለሁ፣ ፎቶ ሳይሆን የአሰልጣኙ የጽሑፍ ቃል ወይም ማኅተም ያለው ደብዳቤ ነው የሚቀበሉት" ብሎ መለሰ። ደብዳቤው እንደሆነ አልተጻፈም። ሲስተር ከወር በኋላ ወደ ገጠር ጤና ኬላ ተዛወረች።

የቀረው የጋሼ ሳዳሞ ቃል ነበር። ቤቱ ሄድኩ፤ የለም ይሉኛል። ልምምድ ቦታ ሄድኩ፤ በሌላ መንገድ ይወጣል። በመጨረሻ እናቴ ነገሩን ለሽማግሌዎች ወሰደችው። እኛ ጋሞዎች ዱቡሻ የምንለው የሸንጎ ሜዳ አለን፤ ጠብና በደል የሚታየው እዚያ ነው። ዱቡሻ ላይ የዋሸ ጎሜ ይደርስበታል፤ ጎሜ ማለት በሰውየው ብቻ የማይቆም፣ ልጅና ከብቱ ላይ የሚወርድ የበደል ዕዳ ነው። ጋሼ ሳዳሞ የቤተ ክርስቲያን ሰው ስለሆነ ጎሜ አላምንም ይላል። ሽማግሌዎቹ ሲጠሩት ግን መጣ።

ሜዳው ሞልቶ ነበር። ሴት እዚያ መሃል ቆማ መናገሯ ብዙ የተለመደ አይደለም፤ ለእኔ ፈቀዱልኝ። ከሐሙስ ጠዋት እስከ ዓርብ ቀትር የሆነውን ተናገርኩ። ስጨርስ ትልቁ ሽማግሌ ወደ ጋሼ ሳዳሞ ዞሩ።

"ሳዳሞ፣ የሰማነው እውነት ነው?"

ጋሼ ሳዳሞ ከመሬት የይቅርታ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ነጭቶ በሁለት እጁ ይዞ ተንበረከከ። ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው ነው።

"እውነት ነው" አለ። "ካርዷ እውነተኛ ነው። ሌሎቹን እኔ ነኝ ያሠራሁት። ደብዳቤው እንዳይጻፍ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ልጁን እንዲህ በል ያልኩት እኔ ነኝ። ፈራሁ። ልጄን በላኋት።" አለቀሰ።

ሜዳው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ እኔ አየ። አጥር በኩል የሰማኋት ጎረቤቴም ነበረች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። ስሜ በዚያች ቅጽበት ጠራ። ደረቴ ተከፈተልኝ፤ ከዚያ ክፍል ከወጣሁ ጀምሮ ያን ቀን ነው የተነፈስኩት።

ከዚያ ጴጥሮስ በኮምፒውተር አስጽፎ ያዘጋጀውን ወረቀት ከቦርሳው አወጣ። ጋሼ ሳዳሞ አሁን የተናገረውን እንጂ አንድ ቃል የጨመረበት የለም። ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ተቀብዬ ሄጄ ፊቱ አቀረብኩለት።

"ይህችን ፈርምልኝ፣ ጋሼ። ሌላ አልፈልግም።"

እንባውን ጠረገ። ወረቀቱን አነበበ። ከዚያ ከተንበረከከበት ተነሳ።

"ይህንንስ አልችልም" አለ። "ይህ እስር ቤት ነው። ልጆች አሉኝ።"

"አሁን ሰው ሁሉ ፊት ተናግረኸዋል እኮ!"

"እዚህ ነው የተናገርኩት።"

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞርኩ። ትልቁ ሽማግሌ አዝነዋል፤ ፊታቸው ላይ አይቻለሁ። "ልጄ" አሉኝ፣ "ዱቡሻ ላይ የተባለ አይጻፍም። ሰማይ ሰምቷል፣ ምድር ሰምታለች። ያጠፋው ሣር ይዞ ወድቋል። ሣር ይዞ የወደቀን ይቅር አለማለት ደግሞ በደሉን ወደ አንቺ ያዞረዋል። ተቀበይው።"

"አባቴ፣ የከለከሉኝ ሰዎች ሰማይን አይጠይቁም፤ ወረቀት ነው የሚጠይቁት" አልኳቸው።

"እሱን እኛ አናውቅም" አሉኝ በእውነት። "እኛ የምናውቀው ይህን ነው።"

እናቴን አየኋት። ተቀበይው የሚል ዓይን ነው። ሣሩን ተቀበልኩት። "ይቅር ብያለሁ" አልኩ። ሰው አጨበጨበ፤ ሽማግሌዎቹ መረቁ። ጋሼ ሳዳሞ ትከሻዬን ስሞ ሄደ። ወረቀቱ እጄ ላይ ቀረ።

አንባቢዎቼ፣ ይቅር ማለቴ እውነት ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አንዳንድ ቀን አዎ፣ ብዙውን ቀን አይደለም ነው መልሴ። ሰው "ለበጎ ነው" ይለኛል። ለምን በጎ? ለማን? ኢሳያስ ከስድስት ወር በኋላ ተከትቦ ሄደ፤ ዛሬ ትልልቅ ውድድሮች ያሸንፋል። ሲያሸንፍ ሲቀላ ባጃጆች ጥሩምባ ይነፋሉ። አልጠላውም። ሲሮጥ ሳየው ግን ቴሌቪዥኑን ትቼ እወጣለሁ።

እኔን የለወጠኝ የጋሼ ሳዳሞ ክህደት ብቻ አይደለም። የራሴ "አላውቅም" ነው። ሌላውን ለማዳን ብዬ የዋሸኋት አንዲት ቃል እውነቴን ሁሉ ይዛው ሄደች። ያን ጊዜ ደግነት መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ከደግነቱ ይልቅ ፍርሃቱ ይበዛል። አባት ያልኩትን ሰው እንዳላጣ ፈርቼ ነው። የማውቀውን አውቃለሁ ለማለት ሌላ ሰው እስኪናገር መጠበቅ ልማድ አድርጌው ነበር። አሁን አልጠብቅም። ጫኖ ያሉ ልጆችን አሠለጥናለሁ፤ በጣም ሻካራ ነሽ ይሉኛል፤ ሰነዳቸውን እያንዳንዱን አብሬያቸው ሄጄ አስወጣለሁ፤ ካርዳቸውን ለማንም፣ ለእኔም ቢሆን፣ እንዳይሰጡ አስምላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ይስቁብኛል።

የሦስት ዓመቱ እገዳ አለቀ። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ እግሬ ገና አልከዳኝም። ሌላ አገር አንድ ውድድር ጋበዘኝና የቪዛ ማመልከቻ ጴጥሮስ በኮምፒውተር ከፈተልኝ። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ ሞላን። መሃል ላይ አንድ ጥያቄ መጣ፤ "ከዚህ በፊት ከየትኛውም አገር ድንበር ተመልሰው ወይም ታግደው ያውቃሉ?"

ጴጥሮስ አየኝ። "'አይ' ልበለው?" አለኝ።

"አዎ በል" አልኩት።

አዎ የሚለውን ሲነካው ከሥሩ ሣጥን ተከፈተ፤ "እባክዎ ያብራሩ" ይላል። እስካሁን ያነበባችሁትን ሁሉ በሆዴ ይዤ ቁልፉ ላይ እጄን አሳረፍኩ። ሣጥኑ የሚይዘው ሁለት መስመር ነው። ሦስተኛውን አይቀበልም። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፤ የመጨረሻው የላክሁት ምን እንደነበር ዛሬ እንኳ በትክክል አላስታውስም። መልሱ በሁለት ሳምንት መጣ፤ አልተፈቀደም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ጥያቄው ሁሉም ማመልከቻ ላይ አለ፤ ሣጥኑም ሁለት መስመር ነው። እናንተ ብትሆኑ በሁለት መስመር ምን ትጽፉ ነበር?